የተውሶ ወንበር

በ33 ሺህ ድምፅ ያሸነፈ ሰው በ43 ሺህ ድምፅ እንዴት ይሸነፋል? ጥያቄው እንቆቅልሽ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። ጆሴፍ ካው የተባሉ ከቬትናም የተሰደዱ የሕግ ባለሙያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 6 ቀን 2008 በተካሄደ ምርጫ 33,132 ድምፅ አግኝተው ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2010፣ እኚሁ ሰው በዚያው የምርጫ ክልል 43,378 ድምፅ አገኙና ወንበራቸውን አጡ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ስለ ምርጫ ሲወራ ወሬው ብዙውን ጊዜ ስለ ተመራጩ ነው። ማን ነው? ምን አለ? ምን ያህል ገንዘብ አወጣ? የካውን ታሪክ ስከታተል ግን ቀልቤን የሳበው ሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም በምርጫው ቀን ከቤቱ ያልወጣው መራጭ። የቀረ ሰው ድምፅ አይቆጠርም እንላለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ከተቆጠረው ይልቅ ያልተቆጠረው ብዙ ሥራ ሠርቷል።

በማቀዝቀዣ ውስጥ የተገኘው ገንዘብ

ነገሩን ከተሸናፊው እንጀምር። ዊሊያም ጄፈርሰን በ1947 ሌክ ፕሮቪደንስ በምትባል የሰሜን ሉዊዚያና ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በትምህርታቸው ገፍተው ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ደረሱ። በ1990 ለተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጡ፣ የባርነት ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ ከነበረው አጭር የመልሶ ግንባታ ዘመን ወዲህ ሉዊዚያናን በኮንግረስ የወከሉ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። ለኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች ያ ወንበር ከአንድ ሰው ሹመት የበለጠ ትርጉም ነበረው። አያቶቻቸው ድምፅ እንዳይሰጡ ሲከለከሉ በኖሩበት አገር የተገኘ ወንበር ነውና።

ጄፈርሰን ቀስ በቀስ የግብርና የንግድ ሕጎች በሚረቀቁበት ኃያል ኮሚቴ ውስጥ ቦታ ያዙ። ከአፍሪካ ጋር የሚደረግ ንግድ ዋና ጉዳያቸው ነበር። እኛም አገር «አጎዋ» እየተባለ ስሙ ሲነሳ የኖረውን፣ በ2000 የወጣውን ለአፍሪካ ሸቀጦች የአሜሪካን ገበያ የከፈተ ሕግ ከደገፉት እንደራሴዎች አንዱ ናቸው። ታዲያ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየውም የእኚሁ ሰው ታሪክ ነው።

በኦገስት 2005 የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ዋሽንግተን የሚገኘውን የጄፈርሰንን ቤት ፈተሹ። ከማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በፎይል ተጠቅልሎ በምግብ ካርቶኖች ውስጥ የተደበቀ 90,000 ዶላር አገኙ። ገንዘቡ ለመርማሪዎቹ እንግዳ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በፊት ጄፈርሰን ከመርማሪዎች ጋር በምስጢር ትተባበር ከነበረች ባለሀብት 100,000 ዶላር የያዘ ቦርሳ ሲቀበሉ በቪዲዮ ተቀርጸው ነበርና። ገንዘቡ ለአንድ የናይጄሪያ ከፍተኛ ባለሥልጣን መደለያ የታሰበ እንደነበር ዐቃቤ ሕግ አስረድቷል። በሜይ 2006 ደግሞ ኤፍ.ቢ.አይ. በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ቢሯቸውን ፈተሸ። የአንድ እንደራሴ የምክር ቤት ቢሮ ሲፈተሽ በአገሪቱ ታሪክ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች በአንድ ድምፅ ተቃወሙት።

ይህ ሁሉ በጋዜጣ ወጥቶ፣ የቴሌቪዥን ቀልደኞች ስለ «ቀዝቃዛ ጥሬ ገንዘብ» ሲሳለቁ ሰንብተው፣ በዲሴምበር 2006 በተደረገው የመለያ ዙር ጄፈርሰን ከመቶ 57 ያህል ድምፅ አግኝተው እንደገና ተመረጡ። በጁን 2007 በ16 ክሶች ከተከሰሱም በኋላ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ የመራጩን ግድ የለሽነት ያሳይ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልፈርድም። መራጩ ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው።

ነፋስ ያዛባው የቀን መቁጠሪያ

የጄፈርሰን ቤት በተፈተሸበት በዚያው ወር፣ ኦገስት 29 ቀን 2005፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን መታ። የውሃ መከላከያ ግድቦቹ ተደረመሱና ከከተማይቱ ከመቶ ሰማንያው ያህል በውሃ ተጥለቀለቀ። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 484,674 ነዋሪ የነበራት ከተማ በ2010 ቆጠራ 343,829 ሰው ብቻ ተገኘባት። ከሄዱት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ሂዩስተን፣ አትላንታ፣ ዳላስ ተበተኑ። ቤቱ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ በሰው ከተማ ለሚኖር ሰው ምርጫ ከስንት ጉዳይ በኋላ እንደሚታሰብ የአገሬ ሰው አይጠፋውም።

ሦስት ዓመት አለፈና ሌላ ነፋስ መጣ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጉስታቭ የተባለው አውሎ ነፋስ ሉዊዚያና ገባ። ጉዳቱ ከካትሪና ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ምርጫውን ግን አናጋው። እንዴት ቢሉ፣ በዚያ ዓመት የሉዊዚያና ምርጫ በሦስት ደረጃ እንዲካሄድ ታቅዶ ነበር። ሴፕቴምበር 6 ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን ይመርጣሉ። አብላጫ ያገኘ ከሌለ ኦክቶበር 4 የመለያ ዙር ይደረጋል። ከዚያ ኖቬምበር 4፣ ፕሬዚዳንቱ በሚመረጥበት ቀን፣ የመጨረሻው ምርጫ ይሆናል። ጉስታቭ የመጀመሪያውን ቀን ስላሰናከለው ሁሉም በአንድ እርከን ወደ ኋላ ተገፋ። የዴሞክራቶቹ የመለያ ዙር ኖቬምበር 4 ላይ ወደቀ። የመጨረሻው ምርጫ ወደ ዲሴምበር 6 ተዛወረ።

በዚህ መሸጋሸግ ውስጥ የጄፈርሰን ዕጣ ተወሰነ። ኖቬምበር 4 ቀን ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩበት ዕለት ነበር። የኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች በነቂስ ወጡ። በምርጫ ክልሉ ከአራት መራጮች ሦስቱ ያህል ኦባማን መረጡ። በዚያው ቀን ጄፈርሰን በፓርቲያቸው የመለያ ዙር ተፎካካሪያቸውን በቀላሉ ረቱ። ያ ቀን የመጨረሻው ምርጫ ቀን ቢሆን ኖሮ፣ በማቀዝቀዣ የተገኘውም ገንዘብ ሆነ 16ቱ ክሶች ሪፐብሊካን እጩን ያስመርጡ ነበር ብዬ አላምንም።

ዲሴምበር 6 ግን ሌላ ቀን ነው። ኦባማ ተመርጠዋል፤ ደስታው ተከብሯል፤ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። ጄፈርሰንን ለማውረድ የቆረጡት ወጡ። ጄፈርሰንን ለማዳን የሚጣደፍ ግን ብዙ አልነበረም። በጠቅላላው ድምፅ የሰጠው ሰው 67 ሺህ አይሞላም። ጄፈርሰን 31,318 ድምፅ አገኙ። በ1,814 ድምፅ ተበለጡ። ከ1891 ወዲህ ሪፐብሊካን ያላየው የምርጫ ክልል ሪፐብሊካን እንደራሴ አገኘ።

መራጩ ጄፈርሰንን ቀጣ ማለት እንችላለን? አዎን፣ ግን በተለየ መንገድ። ብዙው መራጭ ተቃዋሚያቸውን አልመረጠም። እሳቸውንም አልመረጠም። ዝም አለ። ለገዛ ወገኑ ያፈረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አይመሰክርበትም፣ አይቆምለትምም።

ከሳይጎን የመጣው ልጅ

ይህን ዝምታ ወንበር ያደረጉት ሰው ማን ናቸው? ጆሴፍ ካው በ1967 በሳይጎን ተወለዱ። በ1975 የደቡብ ቬትናም መንግሥት ሲወድቅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእኅትና ከወንድማቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። የደቡብ ቬትናም ጦር መኮንን የነበሩት አባታቸው ወደ ኋላ ቀርተው በአሸናፊዎቹ «የማስተማሪያ ካምፕ» ሰባት ዓመት ታሰሩ። ወላጅ በአንድ አገር፣ ልጅ በሌላ አገር ማደግ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ መካከል የሚያውቀው ብዙ ነው።

ካው ቴክሳስ ውስጥ ፊዚክስ ተማሩ። ቀጥሎ ቄስ ለመሆን አስበው ወደ ጀስዊት ማኅበር ገቡ፤ ኒው ዮርክ በሚገኘው ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና አጠኑ። በኋላ ከማኅበሩ ወጥተው በኒው ኦርሊንስ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን በ2000 ጨረሱና የስደተኞችን ጉዳይ የሚይዝ የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። በከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቬርሳይ በሚባለው ሰፈር የቬትናማውያን ማኅበረሰብ አለ። የማኅበረሰቡ ምሰሶ በቬትናም እመቤት ማርያም ስም የተሠራው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከካትሪና በኋላ ወደ ፈረሰ ቤታቸው ቀድመው ከተመለሱት መካከል የዚህ ሰፈር ሰዎች ይገኙበታል። በ2006 የከተማው አስተዳደር የአውሎ ነፋሱን ፍርስራሽ የሚደፋበት የቆሻሻ መጣያ አጠገባቸው ሲከፍት ተሰለፉ፤ ጮኹ፤ መጣያውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ካው ወደ ሕዝብ ጉዳይ የገቡት በዚህ ዓይነቱ ትግል ውስጥ ነው። በ2007 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በግል ተወዳድረው አልቀናቸውም ነበር።

እኚህ ሰው ሲያሸነፉ የዋሽንግተን ሪፐብሊካኖች ደስታ ወሰን አልነበረውም። ከአንድ ወር በፊት ፕሬዚዳንትነቱን ያጡ ሰዎች ናቸው። በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖቹ መሪ የነበሩት ጆን ቤይነር ለፓርቲያቸው አባላት በላኩት ማስታወሻ ላይ «መጪው ጊዜ ካው ነው» የሚል ርእስ ሰጡት። የእንደራሴው ስም በእንግሊዝኛ «አሁን» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ስለሚመታ አባባሉ ተወደደ። ካው በአሜሪካ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያው ቬትናማዊ ትውልድ ያላቸው አሜሪካዊ ነበሩ። ስደተኛ ናቸው፤ ሃይማኖተኛ ናቸው፤ ሙሰኛ የተባለን ሰው የረቱ ናቸው። ፓርቲው ስለ ራሱ ሊናገር የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ሰው አገኘ።

የደስታው ጩኸት ጋብ ሲል ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይህ ሰው በ2010 ይመለስ ይሆን?

ሁለት የቀድሞ ምሳሌዎች

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሻንጣውን ሳይፈታ ቀጣዩ ዘመቻ ይደርስበታል። እንዲያም ሆኖ ወንበር ላይ ያለ ሰው በአብዛኛው ይመለሳል። ባልተጠበቀ ድል የገባ ሰውስ? እዚህ ላይ በ1994 የተደረገውን ምርጫ ብናስታውስ ይጠቅመናል። በዚያ ዓመት 34 ዴሞክራት እንደራሴዎች ወንበራቸውን ሲያጡ አንድም ሪፐብሊካን እንደራሴ አልተሸነፈም። ከወደቁት ሁለቱ ዝሆኖች ነበሩ።

አንደኛው የቺካጎው ዳን ሮስተንካውስኪ ናቸው። ከ1959 ጀምሮ በምክር ቤቱ ተቀምጠዋል። ጄፈርሰን በኋላ አባል የሆኑበትን የግብርና የንግድ ኮሚቴ ለዓመታት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በ1994 በ17 ክሶች ተከሰሱና ማይክል ፍላናጋን በሚባሉ ማንም በማያውቃቸው ወጣት ሪፐብሊካን ጠበቃ ተሸነፉ። ፍላናጋን ዋሽንግተን ገብተው በአመዛኙ ከፓርቲያቸው ጋር ቆሙ። በ1996 ዴሞክራቶቹ ያልተከሰሰ ሰው አቀረቡ። ፍላናጋን ከመቶ 36 ድምፅ ብቻ አግኝተው ተሰናበቱ። ያሸነፏቸው ሰው ሮድ ብላጎየቪች ይባላሉ፤ በኋላ የኢሊኖይ ገዥ ሆኑና ካው ባሸነፉ በሦስተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2008፣ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። አንድን ሙሰኛ ማውረድ ሙስናን ማውረድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ግጥምጥሞሽ አላውቅም።

ሁለተኛው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል የስፖኬን ከተማ እንደራሴ የነበሩት ቶም ፎሊ ናቸው። ፎሊ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ነበሩ። በወንበር ላይ ያለ አፈ ጉባኤ በምርጫ ሲወድቅ ከ1862 ወዲህ እሳቸው የመጀመሪያው ሆኑ። ያሸነፏቸው ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ኔዘርከት በጠባብ ልዩነት ነው የገቡት። ኔዘርከት ከሦስት የምርጫ ዘመን በላይ እንደማይቆዩ ለመራጩ ቃል ገብተው ነበር። የፎሊ ትልቁ ጥፋትም በሥልጣን ላይ የመቆያ ጊዜ መገደቡን መቃወማቸው ነው ተብሎ ብዙ ተዘምቶባቸዋል። በ2000 ኔዘርከት ቃላቸውን አጠፉና እንደገና ተወዳደሩ። ብዙ ተወቀሱ፤ አሸነፉም። እስከ 2005 መጀመሪያ በወንበሩ ቆዩ። ወንበሩ ከዚያም በኋላ ከሪፐብሊካን እጅ አልወጣም።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከታቸው ልዩነቱ በጠባያቸው ላይ አይታየኝም። ቃሉን ያጠፋው ተመለሰ፤ ቃሉን ያላጠፋው ወደቀ። ልዩነቱ ከእግራቸው ሥር ያለው መሬት ነው። የስፖኬን ገጠርና ከተማ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሪፐብሊካኖች እያዘነበለ ነበር። ፎሊ በግል ክብራቸው ዘግይተው ወደቁ እንጂ መሬቱ ቀደም ብሎ ተንዶ ነበር። የቺካጎው መሬት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። መራጩ ሮስተንካውስኪን ሊያሰናብት ፈለገ፤ ሌላ በር ስላልነበረው በሪፐብሊካኑ በር ወጣ። ሥራው ሲያበቃ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ፍላናጋን የተቀመጡበት ወንበር የተውሶ ነበር።

የካው ወንበርስ? ከመቶ ስድሳው ያህል ጥቁር በሆነ፣ ከአራት ሦስቱ ኦባማን በመረጠ ክልል ውስጥ መልሱ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሚታወቅ ነበር።

ፓርቲ፣ መራጭና ኅሊና

ካው ሁኔታቸውን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ሦስት ጌቶች ነበሯቸው። አንደኛው «መጪው ጊዜ» ብሎ ያሞገሳቸው ፓርቲ ነው። ሁለተኛው የኦባማ ፍቅር ያለው መራጭ ነው። ሦስተኛው ከጀስዊቶቹ ቤት ይዘውት የወጡት ኅሊና ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማስደሰት አይቻልም።

በፌብሩዋሪ 2009 የኦባማ የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ሲቀርብ ካው እንደ ሌሎቹ የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች ሁሉ ተቃወሙ። በአውሎ ነፋስ የፈረሰች ከተማ እንደራሴ የመንግሥት ገንዘብን ተቃወመ ተባለ። ቁጣው ከፍተኛ ነበር፤ ከወንበራቸው እንዲነሡ ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩም ነበሩ። በሴፕቴምበር 2009 ኦባማ ለኮንግረስ ሲናገሩ «ትዋሻለህ» ብለው የጮኹትን የሳውዝ ካሮላይና እንደራሴ ምክር ቤቱ ሲወቅስ፣ ውግዘቱን ከደገፉት ሰባት ሪፐብሊካኖች አንዱ ካው ሆኑ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ኖቬምበር 7 ቀን 2009 ሌሊት ነው። የጤና መድን ማሻሻያው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 220 ለ215 አለፈ። ከሪፐብሊካኖቹ መካከል አንድ ሰው ብቻ ደገፈው፤ ጆሴፍ ካው። ድምፃቸውን የሰጡት የሚፈለገው 218 ከሞላ በኋላ ስለሆነ ሕጉን ያሳለፉት እሳቸው አይደሉም። ቢሆንም በፓርቲያቸው ዘንድ የተረፋቸው ስድብ ነው። ካው የደገፉት የመንግሥት ገንዘብ ለጽንስ ማስወረድ እንዳይውል የሚከለክል አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ በመግባቱ ነበር። በማርች 2010 ያ አንቀጽ የሌለበት የመጨረሻው ሕግ ሲቀርብ ተቃወሙት። አሁን ደግሞ የተቆጣው የኒው ኦርሊንስ መራጭ ሆነ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፣ በኖቬምበር የፓርቲያቸውን ወዳጅነት፣ በማርች የመራጫቸውን ተስፋ ከፈሉ።

ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ የሚያይ ሰው ካውን ወላዋይ ሊላቸው ይችላል። አንድ ላይ ሲታዩ ግን አንድ መስመር አላቸው፤ ሰውዬው በሁለቱም ቀን የቆሙበት ነጥብ ያው ነበር። በአቋማቸው መስማማት ወይም አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው።

በኤፕሪል 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ማውጫ ጣቢያ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። ነዳጁ ባሕሩን በከለው። በአካባቢው ሽሪምፕ በማጥመድ የሚተዳደሩ ብዙ ቬትናማውያን አሉ። ካው በምክር ቤት የነዳጅ ኩባንያውን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ ፊት ለፊት አግኝተው፣ በጥንት ሳሙራይ ዘመን ቢሆን ቢላዋ ሰጥተን ራስህን ግደል እንልህ ነበር አሏቸው። ንግግሩ በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አፈረ። ኑሯቸው በባሕሩ ላይ የተመሠረተው አጥማጆች ግን የልባቸውን የተናገረላቸው ሰው አግኝተዋል።

የተመለሰው ከተማ

በ2010 የዴሞክራቶቹ እጩ ሴድሪክ ሪችመንድ ነበሩ። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ልምድ ያላቸው ወጣት ጥቁር ፖለቲከኛ ናቸው። ፕሬዚዳንት ኦባማ ራሳቸው በማስታወቂያ ቀርበው ሪችመንድን ደገፉ። ለካው የጤና ሕጉን የደገፉበት ሌሊት የዋለላቸው ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት ሪፐብሊካኖች አገሩን አጥለቀለቁት። በተወካዮች ምክር ቤት 63 ወንበር ጨመሩ። ወንበር ላይ ካሉት ሪፐብሊካኖች በኖቬምበሩ ምርጫ የወደቁት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ካው ናቸው። ሌላው የሃዋዩ ቻርልስ ጁ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በሜይ 2010 በተደረገ የማሟያ ምርጫ ሁለት ዴሞክራቶች ድምፅ ሲሻሙ በመካከል የገቡ ነበሩ። ሁለቱም የእስያ ዝርያ ያላቸው፣ ሁለቱም በተውሶ ወንበር የተቀመጡ ነበሩ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። ሪችመንድ 83,705 ድምፅ አገኙ። በ2008 ጄፈርሰን ካገኙት ጋር ሲተያይ በ52,387 ይበልጣል። የካው ጭማሪ 10,246 ነው። በ2010 ድምፅ የሰጠው ሰው በ2008 ዲሴምበር ከወጣው እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የካው አሥር ሺህ ጭማሪ በሙሉ የሥራቸው ዋጋ ነው ብዬ አልከራከርም። ይህን ያህል ግን ማለት ይቻላል፤ የመረጣቸው ሕዝብ አልከዳቸውም። ያሸነፋቸው ዲሴምበር 6 ቀን ቤቱ የቀረው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ የሚያፍርበት እጩ ሲነሳለት ተመልሶ ወጣ፤ ወንበሩንም ወሰደ።

ከፍላናጋን ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ፍላናጋን ከፓርቲያቸው ጋር ቆመው ከመቶ 36 አገኙ። ካው ለመራጫቸው ሲሉ ከፓርቲያቸው ተለይተው፣ ለኅሊናቸው ሲሉ ከመራጫቸው ተለይተው፣ ከመቶ 33 ተኩል ያህል አገኙ። መንገዳቸው ተለያየ፤ የደረሱበት ግን አንድ ሥፍራ ነው። በተውሶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጎበዝም ቢሆን ሰነፍም ቢሆን፣ ታማኝም ቢሆን አድርባይም ቢሆን መጨረሻው ያው ከሆነ፣ መልካም ሥራ ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው። ካው ከተሸነፉ በኋላ እስከ ጃኑዋሪ 3 ቀን 2011 የምክር ቤት አባል ነበሩ። ዲሴምበር 8 ቀን 2010፣ ካሸነፉ ከሁለት ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ፣ በልጅነታቸው ያለ ፈቃድ አሜሪካ የገቡ ወጣቶች ሕጋዊ መኖሪያ የሚያገኙበት ረቂቅ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ198 አለፈ። ከደገፉት ስምንት ሪፐብሊካኖች መካከል ካውና የሃዋዩ ጁ ይገኙበታል። በስምንት ዓመቱ ተሰዶ የመጣው ሰው፣ ከድምፁ የሚያገኘው አንድም ነገር በሌለበት ሰዓት፣ በልጅነት ለመጡት ልጆች ቆመ። ረቂቁ ከአሥር ቀን በኋላ በሴኔት ወደቀ።

ጄፈርሰንስ? ጉዳያቸው የታየው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ነው። በኦገስት 2009 ከ16ቱ ክሶች በ11ዱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ የውጭ አገር ባለሥልጣን በመደለል ከቀረበባቸው ክስ ግን ነፃ ወጡ። 13 ዓመት ተፈረደባቸውና በ2012 እስር ቤት ገቡ። በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ሰው ጉዳይ የጉቦን ትርጉም ስላጠበበው አብዛኞቹ ክሶች ተሰርዘውላቸው በ2017 ተለቀቁ። ካው በ2016 ለሴኔት ተወዳድረው አልሆነላቸውም። የኒው ኦርሊንስ ወንበር ከሪችመንድም በኋላ ከዴሞክራቶች እጅ አልወጣም።

የተውሶ ዕቃ ለባለቤቱ መመለሱ አይቀርም፤ መመለሱም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ተዋሹ የሚጠየቀው ዕቃው በእጁ ሳለ ምን እንደሠራበት ነው። ካው በሁለት ዓመታቸው የሠሩበትን ከዚህ በላይ አስፍሬዋለሁ፤ ፍርዱ የአንባቢ ነው።